የጠፋው ሜሞሪ
“አንተ፣ ሜሞሪውን የት አደረስከው?” አለኝ የቢሮ ኃላፊያችን። ጊዜው ጋምቤላ ክልል ሆና ቢሮው ገና ሲደራጅ ነው። ለኮምፒውተራችን ተጨማሪ ሜሞሪ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ ራሴ ገጥሜዋለሁ። ኃላፊው የአማርኛ መጻፊያውንና የሂሳብ ፕሮግራሙን አንድ ላይ ሲከፍት ግን ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው “ሜሞሪ አልበቃም” አለው። በቃ፣ ሌባ ሆንኩ።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ላስረዳው ሞከርኩ። “ጋሼ፣ ሜሞሪው አለ። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ዶስ ግን ፕሮግራም የሚያስቀምጠው በመጀመሪያው ስድስት መቶ አርባ ኪሎባይት ውስጥ ብቻ ነው። ከባሮ ወንዝ ማዶ ስንት ባዶ መሬት አለ፤ ድልድዩን አትሻገር ለተባለ ሰው ግን ምን ይጠቅመዋል? ሁለት መስመር ትእዛዝ ብጽፍለት አማርኛውን ወደ ማዶ ያሻግረዋል።”

“ስለ ባሮ አልጠየቅኩህም። ኦሞድ፣ ኪሱን ፈትሸው።”

ዘበኛው ኦሞድ አፍሮ ኪሴን ዳበሰና “ማበጠሪያ ብቻ ነው ያለው” አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ክዳኑን ከፈትኩ፤ ሜሞሪውን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንስቶ ገልበጥ አድርጎ አየው። ካዝናው ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት።

“እንዳይጠፋ እዚህ ይቀመጥ” አለኝ። “አንተ አሁን ኮምፒውተሩን አስተካክል።”