አሥራ ስምንቱ የክኒን ብልቃጦች

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ክሊኒክ በር ላይ ቆሜ ሳስገባችሁ ኖሬ፣ ዛሬ ጡረታ ስወጣ እናንተ እኔን አክብራችሁ ስለተሰበሰባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ይህችን ወረቀት የጻፍኳት ራሴ ነኝ። ሦስት ቀን ፈጅታብኛለች፤ ስለዚህ ማንም አያቋርጠኝም!

ስጀምር ክፉ ዘበኛ ነበርኩ። ጎዳና የሚያድር ሰው ወደ ክሊኒኩ በር ሲጠጋ "መታወቂያ!" እላለሁ። ከየት ያምጣ? ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይህን ሰምታ "አንተ ሰውዬ፣ ክሊኒኩ የአባትህ ነው?" አለችኝ። ሁለት ቀን አኩርፌ በሦስተኛው በሩን ከፈትኩ።

ከዚያ ሲስተር ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚከላከለውን፣ በየቀኑ የሚዋጠውን ክኒን መስጠት ጀመረች። ጥሩ። ግን ላስቲክ ሥር የሚያድር ሰው ክኒኑን የት ያስቀምጠው? ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ ደንብ አስከባሪ ከነሻንጣው ይጭነዋል። "እኔ ጋ፣ ዘበኛ ቤት ውስጥ አስቀምጡ" አልኩ። ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፤ ውኃ እቀዳለሁ፤ ይውጣሉ።

ስም መጻፍ ይከብደኛል፤ እነሱም ስማቸው እንዲታይ አይፈልጉም። ብልቃጡ አሥራ ስምንት ሲደርስ በየብልቃጡ ላይ መለያ ሥዕል ሣልኩ። አንዷ፣ ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፣ የሷን አገላብጣ አየችና፦

"አባባ፣ እኔ እንጉዳይ ነኝ እንዴ?"

"ጃንጥላ ነው!"

"ይሄን ጃንጥላ ይዤ ብወጣ ዝናቡ ራሱ ይስቅብኛል።"

ባሏ ቫይረሱ አለበት። እሷ በየሦስት ወሩ ትመረመራለች፤ እስከ ዛሬ ነፃ ናት።

በኔ ቦታ የሚመጣው ዘበኛ ግን "ዘበኛ ቤት ውስጥ ከወንበር በቀር ዕቃ አይቀመጥም" ብሎኛል። ታዲያ አሥራ ስምንቱ ብልቃጥ የት ይሂድ? አንድ ሳምንት ካልዋጡት ምን ዋጋ አለው?

ሥራ አስኪያጃችን፣ ልጄ፣ "መድኃኒት በዘበኛ እጅ አይያዝም" ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው። እንቢ ስልሽ እኔም እውነቴን ነበር። እንግዲያው ሲስተር ክፍል ደጃፍ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ይቁምላቸው። እሺ በይኝ። እሺ ሳትይኝ አልቀመጥም፤ ግትርነቴን ታውቂዋለሽ።

እሺ ብለሽ ራስሽን ነቀነቅሽ? ይሄ እንኳ ወረቀቴ ላይ አልነበረም! ሁላችሁም አይታችኋል። ሲስተር፣ መዝግቢልኝ።

ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ። ሰው ሁሉ በገዛ ቤቱ የሚያድርበትን ቀን ያምጣልን፤ እስከዚያው በሩን በማለዳ ክፈቱላቸው።