ሀጂ ሸምሶ የደፈኗቸው ቀዳዳዎች

በነሐሴ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሰልሚያ ከወልቂጤ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ቡታጅራ መናኸሪያ ሲያወርዳት ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ጃንጥላዋን ዘርግታ ቀና ስትል፣ ባጃጅ ላይ ሁለት ማዳበሪያ ከሰል የሚያስጭኑ ሽማግሌ አየች። የቤተሰቦቿ ጎረቤት ሀጂ ሸምሶ ናቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሀጂ!»

«ወዐለይኩም ሰላም! ሰልሚያ፣ አንቺ ነሽ? ግቢ ግቢ፣ አብረን እንሂድ። ዘይባ ወለደች እኮ! ወንድ ልጅ፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።»

«መብሩክ! አላህ ያሳድገው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ከሰል ምን ሊሆን ነው?»

«ለክፍሏ ነዋ! ልጄን ብርድ መቷታል። ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ራሴን ትላለች፤ የበላችው አይረጋላትም። ሕፃኑም ከጧት ጀምሮ ጡት አልይዝ ብሏል። አንድ ማንደጃ ነበር የማስገባላት፤ ከትናንት ወዲያ ሁለት አደረግኩት። ዛሬ ሦስተኛ እጨምራለሁ።»

ሰልሚያ ክው አለች። ይህች ልጅ ወልቂጤ በሚገኝ የሙያ ኮሌጅ ግንባታ ታስተምራለች። ሀጂ አሮጌውን ቤት አፍርሰው ባለአራት ክፍል የብሎኬት ቤት ሲያሠሩ ፕላኑን በነጻ የሠራችላቸው እሷ ናት። በየክፍሉ፣ ከጣራው ሥር፣ አየር የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በገዛ እጇ አስምራ ነበር።

«ሀጂ፣ መስኮቱ ይከፈታል?» አለች ባጃጁ ውስጥ ገብታ እንደተቀመጠች።

«በዚህ ብርድ? አንቺ ደግሞ!»

«እሺ፣ ከላይ ያሉት ቀዳዳዎችስ?»

«እነሱንማ ቤቱ እንዳለቀ በሲሚንቶ ደፈንኳቸው። ግንበኛው ረስቷቸው የሄደ መስሎኝ።»

አሁን ለዚህ ሰው ምን ይባላል? የተማረ ሰው ሲናደድ ደግሞ ችግሩ ሁለት ነው፤ ንዴቱ አለ፣ ይሉኝታውም አለ። አንድ ጎረምሳ እንዲህ ቢላት ኖሮ ልክ ልኩን ትነግረው ነበር። ሀጂ ግን በእጃቸው አጉርሰው ያሳደጓት ሰው ናቸው። ስለዚህ ስልኳን አውጥታ ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ባሂራ ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች። አይነሳም። ባጃጁ በጭቃው ውስጥ ይንፏቀቃል።

«ወንድሜ፣ በአላህ ፍጠን!» አለችው ሹፌሩን። ከዚያም ድምጿን አለሳልሳ «ሀጂ፣ ዘይባን የመታት ብርድ አይደለም። ከሰሉ ነው» አለች።

«አይ ልጄ! ከሰሉን እኮ ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ሲያልቅ ነው የማስገባው። ፍም ብቻ ነው።»

«የከፋውም እሱ ነው። ጭስ ቢሆን ያስላችሁና በር ትከፍታላችሁ። ፍሙ የሚያወጣው መርዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የአየርን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ከዚያ በኋላ መንቃት የለም።»

«እኛስ ጎጆ ውስጥ፣ እሳት መሃል ላይ እየነደደ አይደል እንዴ ያደግነው? ማን ሞተ? ጭሱ እንዲያውም ሳሩን ያጠነክረዋል፤ ምስጥ አያስነካውም። ቤት እሳት ካልነደደበት ቤት አይደለም።»

«ልክ ነዎት። እስቲ ይንገሩኝ፤ ጧት ከጎጆው ወጥተው ጣራውን ሲያዩት ምን ይመስል ነበር?»

የሀጂ ፊት በራ። «አይ ያገራችን የመስቃን ጧት! ጭሱ በሳሩ በሁሉም በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ጎጆው የሚተነፍስ ነው የሚመስልሽ።»

«ታዲያ የእርስዎ ቆርቆሮ በየት በኩል ነው የሚተነፍሰው?»

«ቆርቆሮ ምን ይተነፍሳል!»

«እኔስ ምን አልኩ! ግድግዳው ብሎኬት፣ መስኮቱ መስታወት፣ ቀዳዳው ድፍን። የጎጆን እሳት አምጥተው የጎጆን መተንፈሻ እዚያው ትተውታል እኮ!»

ሀጂ ትንሽ አሰቡ። ሰልሚያም ያመኑላት መስሏት ተነፈሰች።

«ቢሆንም» አሉ ሀጂ፣ «ብርድ ብርድ ነው።»

ኧረ ይህን «ቢሆንም» ማን ባጠፋው! አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድተህ፣ በአንዲት ቃል ወደ መነሻህ ይመልስሃል። ሰልሚያ ሹፌሩን ደግማ አጣደፈችው።

ባጃጁ ገና ሳይቆም ዘላ ወርዳ ወደ አራስ ቤት ሮጠች። በሩን ስትገፋው ከሥሩ የተወተፈው ጨርቅ ያዛት፤ በትከሻዋ ገፍታ ገባች። የመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያውን በፕላስተር ተለጥፏል። ሁለቱ ማንደጃዎች ቀልተዋል። ዘይባ አልጋው ላይ ዓይኗን በግድ ገልጣ አየቻትና መልሳ ጨፈነች። ሰልሚያ ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አነሳች፣ ዘይባን በብብቷ ይዛ ጎተተቻት።

«ምነው! ምነው!» እትዬ ባሂራ ከማድቤት እየሮጡ መጡ። «አራስ በዝናብ ታስወጫለሽ? አብደሻል እንዴ?»

«አዎ አብጃለሁ! ይያዙልኝ ሕፃኑን!»

ዘይባን በረንዳው ላይ፣ ዝናቡ ከማይደርስበት፣ በጋቢ ሸፍነው ጅባ ምንጣፍ ላይ አስቀመጧት። ሀጂ እያጉረመረሙ ደጋግመው በሩን ሊዘጉ ሄዱ፤ ሰልሚያ ደጋግማ ከፈተችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዘይባ ቀና አለች።

«ራሴን ቀለል አለኝ» አለች። ሕፃኑ ተነጫነጨ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ጡቱን ፈልጎ ያዘ።

«አያችሁ» አሉ ሀጂ በኩራት፣ «የከሰሉ ሙቀት ውስጧ ገብቶ አሁን ሠራ።»

«ሀጂ!» ሰልሚያ ጮኸች። ይሉኝታዋ እዚህ ላይ አለቀ። «ብርድ ቢሆን ኖሮ ውጭ ስትወጣ ይብስባት አልነበር? አልጋዋ ላይ ስትሆን ታመመች፣ እዚህ ስትወጣ ዳነች! ምን ላድርግ? ምን ብዬ ልንገርዎት?»

«እውነቷን ነው እኮ» አለች ዘይባ በደከመ ድምፅ። «ሽንት ቤት ደርሼ ስመጣ ሁልጊዜ ይሻለኛል። ነግሬያችኋለሁ። ማን ሰማኝ?»

«ምንድን ነው ሀጂ ይሄ ብርድ ብርድ የሚሉት?» ቀጠለች ሰልሚያ። «ከልጅዎ ሕይወት ይበልጣል?»

 የመለሱላት እትዬ ባሂራ ናቸው።

«አትቆጪው ልጄ። አንቺ አታውቂም። ከዘይባ በፊት፣ ከሁሉም በፊት፣ ሙስተፋ የሚባል ልጅ ነበረን። መርካቶ፣ እሱ ይነግድበት ከነበረው ሱቅ ጀርባ የተከራየናት አንዲት የሲሚንቶ ክፍል ነበረች። ክረምት ነበር። ስንጥቁን ሁሉ በጋዜጣ ለጠፍንና ማንደጃውን አስገባን። ጧት እኔ ራሴን እያዞረኝ ተነሳሁ፤ እሱ አልተነሳም። ብርድ ገደለው ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይሄ ሰውዬ ብርድን እንደ ጠላት ነው የሚያየው።»

 ሰልሚያ አሁን ገባት። ስትከራከር የቆየችው ስለ ቀዳዳ መስሏት ነበር። እሷ ልክ ከሆነች፣ ያንን ማንደጃ ያስገቡት እጆች የማን ናቸው? ማሸነፏ አስጠላት።

ሀጂ ሸምሶ ቀስ ብለው ዞሩ። «ሰልሚያ፣ እንግዲህ እንዳልሽው ከሆነ… ሙስተፋንም እኔ ነኝ?»

«አላውቅም ሀጂ። ማንም ሊያውቅ አይችልም። ያኔ ግን የነገራችሁ ሰው አልነበረም። የሚወዱትን ልጅ ሊያሞቁ ነው የሞከሩት።»

«ዛሬ ግን ነግረሽኛል።»

«ዛሬ ነግሬዎታለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ውስጥ ገቡ። ማንደጃዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ዝናብ ላይ ደፏቸው። ከዚያ መዶሻና መሮ ይዘው፣ ወንበር ላይ ወጥተው፣ የደፈኑትን ሲሚንቶ ይመቱ ጀመር። እንባቸው ከአቧራው ጋር ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። «ይተዉ፣ ሰው ይሠራዋል» ብትላቸው አልሰሟትም። ሰልሚያም ደጅ በቆመው በዚያው ባጃጅ ዘይባንና ሕፃኑን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ባለሙያዎቹ ኦክስጅን ሰጥተው ሲከታተሏቸው ቆይተው፣ አመሻሹ ላይ «ከሰል ያለበት ክፍል እንዳትመለሱ» ብለው ሸኟቸው።

ብርዱስ? ብርዱማ እውነት ነበር፤ ሰልሚያም አልካደችውም። ሙቀቱን የሚወስደው ባዶ ቆርቆሮ ስለሆነ ኮርኒስ አሠራች፤ በላዩም ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ንጣፍ አስነጠፈች። እርጥቡን ሲሚንቶ ወለል በጅባ አለበሱት። ጧት ጧት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለግማሽ ሰዓት ይበራና ይጠፋል፤ ሙቀቱ እስከ ቀትር አይለቅም። ፀሐይ ስትወጣም ያው ኮርኒስ የቆርቆሮውን ግለት ይከለክላል። ማድቤቱ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ገባለት፤ የእትዬ ባሂራ የዓመታት ሳል ቀነሰ። ንጹሕ አየርና ሙቀት በአንድ ቤት አብረው መኖር እንደሚችሉ ሀጂ በዓይናቸው አዩ።

በጥቅምት ሰልሚያ ስትመጣ፣ እናቷ ከጎናቸው ያለው ባለጋራዡ አቤኔዘር ሴት ልጅ እንደወለደ ነገሯት። እንኳን ደስ ያለህ ልትለው ስትሄድ ከአራስ ቤቱ ጩኸት ሰማች። ሀጂ ሸምሶ ናቸው።

«ክፈት አልኩህ እኮ መስኮቱን! ይሄን ማንደጃም አውጣ!»

«ሀጂ፣ ፍም ብቻ ነው፣ ጭስ የለውም። ሕፃኗን ብርድ ቢመታትስ?»

«ብርድ ብርድ አትበለኝ! ብርድ ልብስ ደርብላት! ስማኝ አቤኔዘር፤ እኔ የበኩር ልጄን ብርድ ገደለው እያልኩ አርባ ዓመት ኖርኩ። አሁን ብርድ ይሁን እጄ ይሁን አላውቅም። እስክሞት አላውቅም። ሌሊት ሌሊት የምጠይቀው የለም። አንተም እንደዚህ ልትኖር ነው?»

 ሰልሚያ በሩ ላይ እንደቆመች የመስኮቱ መቀርቀሪያ ሲከፈት ሰማች።