ለሙሽራው ታናሽ እህት የሚሆን ቀሚስ

ይግቡ እትዬ ውዴ፣ ይግቡ። ጫማዎን አያውልቁ፣ ወለሉ ክርና ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ከዱከም እዚህ ድረስ በዚህ ሙቀት… ሚኒባሱስ አላጨናነቀዎትም? እዚህ ቬንትሌተሩ ስር ይቀመጡ። አዳማ እንዲህ ናት፤ እንግዳዋን መጀመሪያ በላብ ታጥበዋለች፣ ወሬዋን የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ጋዲሴ እባላለሁ፤ ሰፈርተኛው ጋዲሴ ሰፊዋ ይለኛል። ለመሆኑ ማን ጠቆመዎት? መሰለች? ትባረክ። መሰለች ለማን ምን እንደሚያስፈልገው ታውቃለች።

አሁን ይነሱልኝና ክንድዎን እንዲህ ከፍ ያድርጉት… ደረትዎን ልለካ። የልጅዎ የሶፊ ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ነው አሉኝ? እሰይ። አንድ ሴት ልጅ አሳድጎ ለዚህ ማብቃት ቀላል አይደለም። ጨርቁም ያምራል፤ ጥለቱ የደንበኛ ሸማኔ እጅ ነው። ሙሽራው ነው የገዛልዎት? ጥሩ ወግ ነው። አማች አማቱን ማልበሱ ያለ ነገር አይደለም እኮ… ያለበሰን ሰው ገመና ማውጣት ስለሚከብድ ይመስለኛል አባቶች ያቆዩት።

ኳስ ተጫዋች ነው? ያውም አጥቂ፣ ያውም የእኛው የአዳማ ልጅ? አይ፣ እኔ ከየት አውቄው እትዬ። እኔ የማውቀው የመርፌ ቀዳዳ ነው። እዚህ ከተማ ደግሞ አጥቂ ሞልቷል፤ ድንጋይ ቢወረወር አንዱን ሳይመታ አይወድቅም። ጎሉን የሚመታው ነው የጠፋው። ፍንጭቱ ያምራል አሉኝ? ሲስቅ ቤቱን ያበራዋል? ይሳቅ፣ ይሳቅ። ሳቅ የሚያምርበት ሰው ብዙ ነገር ይታለፍለታል።

ያ ከደጄ ፊት ለፊት የቆመው ነጭ መኪና የእሱ ነው እንዴ? ሊወስድዎት መጥቶ? ታዲያ ምነው አይገባም? ሌላ ሰፊ ጋ ነበር የላከዎት… እርስዎ ነዎት መሰለችን ሰምተው እዚህ የመጡት? እንግዲያው ግር ብሎት ይሆናል። ሞተሩን አስነስቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ… ሙቀት አይችልም? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ የአዳማንም ልጅ ሙቀት ይፈጀዋል። ይተዉት፣ ልጅ ነው። ስንት ዓመቱ ነው አሉኝ? ሃያ አምስት… እሰይ። ለጋ ነዋ።

እኔም አንድ አጥቂ አውቃለሁ። የእርስዎን አማች አይደለም፣ የሌላ ሰው ወሬ ነው። ልክዎን እስክጨርስ እንዳይሰለችዎት ላጫውትዎ። ወገብዎን ዘና ያድርጉት፣ ሆድዎን አይሳቡ፤ በሰርጉ ቀን መብላትዎ አይቀርም።

ይሄ የኔው አጥቂ ከፍራንኮ ሰፈር ጀርባ ካለ አቧራማ ሜዳ ነው የተነሳው። ጎበዝ ነበር፤ እሱን መካድ ነውር ነው። ኳስ እግሩ ስር ስትገባ ሜዳ ዳር የቆመው ሁሉ ዝም ይል ነበር። አንደኛ ክፍል አብራው የገባች አንዲት ልጅ ማሊያውን ታጥብለት፣ ካልሲውን ትሰፋለት ነበር። የሚሮጥበትን ታኬታ እንኳ እሷ ናት በልብስ ጥገና የገዛችለት። በኋላ አብረው ኖሩ፣ ሴት ልጅ ወለዱ። ሰርግ አልነበረም፤ ሰርጉ ኳሱ መስመር ሲይዝ ይደርሳል ተባለ። መስመርስ ያዘ… ሰርጉም እንግዲህ እየደረሰ ነው።

አንድ ቀን የተጫዋች መልማይ መጣ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ነው የምፈልገው አለ። ልጁ ያኔ ሁለት ቀን ሳይላጭ ከዋለ የገበያ ፍየል ይመስል ነበር። ግን ምን ችግር አለው? የኳስ ዕድሜ የሚባል ነገር መኖሩን ሰምተዋል አይደል፤ እናት የምታውቀው ሌላ፣ ክለብ የሚያውቀው ሌላ። አሠልጣኙም ያውቃል፣ ወጌሻውም ጉልበቱን ሲያሸው እጁ ይነግረዋል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል… ለማን እንደሆነ ግን አይነገርም። እኔም በዚህ አልፈርድም። የድሃ ልጅ በሩ ጠባብ ሲሆንበት አጎንብሶ ቢገባ ምን ይደረጋል? ዕድሜውን ቀነሰና አሥራ ስድስት ሆነ።

ነገሩ ግን ዕድሜ ብቻውን አይቀነስም። የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሚስት ከየት ያመጣል? እሺ፣ ሚስትስ ትቅር፤ እግሩ ስር የምትሮጥ ልጅስ? ለሴትየዋ "ፊርማው እስኪደርቅ ነው" አላት። አንድ ፊርማ። በአዳማ ፀሐይ የማይደርቅ ነገር አለ እትዬ? ደረቀ። ከዚያ ሌላ ክለብ መጣ፣ ሌላ ፊርማ፣ አዲስ አበባ ሄደ፣ እሱም እስኪደርቅ ተባለ።

ክንድዎን ያውርዱ፣ ጨርሻለሁ። ይቀመጡ። ይቺን የቴሌቪዥኑን ሳልነግርዎትማ አልለቅዎትም።

ጋዜጠኛ ካሜራውን ይዞ እናቱ ጊቢ መጣላችኋ። ስለ ነገው ኮከብ ሊሠራ። ልጁ አዲስ ማሊያ ለብሶ ቆሟል። ያቺ ሕፃን ከጓዳ ሮጣ "አባዬ" ብላ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ጊቢው በሙሉ ደነገጠ። እሱ ግን አጥቂ አይደል? ከፍ አድርጎ አቀፋትና "ታናሽ እህቴ ናት፤ አባታችንን በሞት ስላጣን እኔን ነው አባዬ የምትለኝ" አለ። የጋዜጠኛው ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ የእሱን ጨዋታ ብዙ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያማረ ግብ ግን አግብቶ አያውቅም። በረኛዋ ሦስት ዓመቷ ነበር እንጂ።

አይፍረዱበት። አብርሃምስ ሣራን እህቴ ናት ብሏት የለ? በእርግጥ አብርሃም ለነፍሱ ፈርቶ ነው፣ ማሊያ አምሮት አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጅቷ "ጋሼ" ማለት ተማረች። ካልተሳሳተች ከረሜላ ታገኛለች፤ ከተሳሳተች ጋሼ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ልጅ ፈጥኖ ይማራል። ሁለት ጊዜ ነው የተሳሳተችው።

እሱማ ስሙ ገነነ። አረብ አገር ድረስ ወሰዱት፣ ሙቀቱ አልተስማማኝም ብሎ ተመለሰ። አሁን ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው ይላሉ፤ አቀማመጡ ግን የዋና ተጫዋች ነው። የገባ ዕለትም ተከላካዮቹ በአክብሮት ያልፉታል፣ ታላቅን መግፋት ነውር አይደል? በሃያ አምስት ዓመቱ ጉልበቱ እንዲህ ደረቀ ብለው ሐኪሞች ተጨነቁ። እኔ አልጨነቅም። ዕድሜ ከወረቀት ላይ ሲያባርሩት የትም አይሄድም፣ ጉልበት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ዕድሜ ለንስሐ ይስጠው ይባል ነበር… ለዚህኛውማ ዕድሜውን ሲቀንሱለት ንስሐውም አብሮ ተቀነሰለት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል ደግሞ እኔ ስለ መቀነት ነበር የሚመስለኝ።

ሴትየዋስ ይላሉ? አረጀች። እሱ የተወውን ዓመት አንድ ሰው መሸከም ነበረበት። ስለራሷማ አልቅሳ ጨርሳለች፤ ያንን ሬሳ ቀብራዋለች። የሚያንገበግባት የልጅቷ ነገር ነው። ትምህርት ቤት የአባትሽ ስም ሲሏት አንገቷን ትደፋለች… አባት ጠፍቶ አይደለም። አባቷ ግድግዳ ላይ በማስታወቂያ ተሰቅሎ እያየችው ነው። ይሄ ያቃጥላል እትዬ። ከዚህ ከተማ ሙቀት የበለጠ ያቃጥላል።

ይሁን፣ የሰው ጉዳይ ነው። ይሄ ሁለተኛው ጨርቅ የማን ነው? ነጭ ነው፣ የልጅ ነገር ይመስላል። ለሙሽራው ታናሽ እህት…?

ቀለበት የምትይዘው። ሙሽራው ሳያዝዎት እርስዎ ከራስዎ… ከወገኑ አንድ ሰው ደምቆ ይታይ ብለው። እናት ነዎት እኮ። ይባረኩ። እኔ ከልቤ ነው፣ ይሄኛው አሽሙር አይደለም።

ልኳንስ? እሱ በእጁ አሳየዎት? እስቲ እንዳሳየዎት ያሳዩኝ… እዚህ ድረስ። ወገብዎ ላይ።

እህ። እንግዲህ መጨረሻ ያያት ጊዜ እዚያ ድረስ ነበረች ማለት ነው። ልጆች ክፉ ፀባይ አላቸው እትዬ፤ የሚያያቸው ሰው ባይኖርም ያድጋሉ። ለዚህ ነው ለልጅ ስሰፋ ሁልጊዜ ታቹን እጥፋት የምተወው፤ በየዓመቱ እየተፈታ ይረዝማል። ለሙሽራው ሱፍ ግን እጥፋት አያስፈልገውም፤ እሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ምነው ፊትዎ ተለወጠ? ሙቀቱ ነው። ውሃ ይጠጡ። እኔ እኮ የሌላ ሰው ወሬ ነው አልኩዎ።

አሃ፣ ትምህርት ቤት ለቀቁ። ዱሬቲ፣ ኮቱ፣ ነይ ግቢ እናቴ። እንግዳ ሰላም በይ… ጉልበት ሳሚ፣ እንደዚያ። እትዬ ውዴ፣ ልጄ ናት። አንድ ናት፣ ሌላ የለኝም። ቁመቷ የዕድሜዋ ነው፤ አሥራ ሦስቷን ይዛለች። ምነው እንዲህ ትኩር አሉባት? ሳቂላቸው እስቲ ልጄ፣ እንዳታፍሪ… ፍንጭቷን አዩት? ቤት ያበራል አይደል? ውሃው ነው ይላሉ። የዚህ አገር ውሃ ጥርስ ያበላሻል ይባላል፤ አንዳንዱን ደግሞ እንዲህ አሳምሮ ይከፍተዋል።

ቀጥ ብለሽ ቁሚ። አይ፣ ሜትሩ አያስፈልግም፤ የዚችን ልክ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። እትዬ፣ ያመጡት ጨርቅ ግን አይበቃም። እስከ ወገብ ለምትደርስ ልጅ ነዋ የተገዛው። ግድ የለም፣ የጎደለውን ከራሴ እቀጥልበታለሁ… ለምጄዋለሁ።

ዱሬቲ፣ ከፍሪጁ ቀዝቃዛ ውሃ አውጪና እዚያ መኪና ውስጥ ላለው ሰውዬ ውሰጂለት። ቢሻን… ውሃ ለጠላትም አይከለከልም፣ እንኳን ለእንግዳ። ምን? ምን ብዬ ልጥራው? ሰሙልኝ እትዬ፣ ምን ብዬ ልጥራው ትላለች…

ዛሬ እንደፈለግሽ ጥሪው።

ይምጡ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ይቁሙ፣ እዚህ ነፋስ አለ። ደረሰች። አንኳኳች… ሞተሩ ስለሚጮህ አልሰማ ይሆናል። እንደገና አንኳኳች። መስኮቱ ጥቁር ነው፣ እሷ አታየውም፣ እሱ ግን ያያታል። ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ይዛለታለች። እሷ ትቆማለች፣ መጠበቅ ታውቃለች፤ ከምንም በፊት የተማረችው እሱን ነው።

ሄደ…? እርስዎን ጥሎ? መስኮቱን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ? እንዴት ይፈጥናል በፈጣሪ። እኔ የማውቀው አጥቂ በሜዳ ላይ እንዲህ ቢነሳ ኖሮ ተቀያሪ ባልሆነ ነበር።

ነይ ልጄ፣ አቧራው ላይ አትቁሚ። ውሃውን ለእትዬ ውዴ ስጪያቸው። እሳቸው ይጠጡታል።

አያልቅሱ እንጂ እትዬ። ክር ገብቶ ነው ዓይንዎ ውስጥ? ይቀመጡ። የዱከም ሚኒባስ አይቸግርም፣ ዱሬቲ መናኸሪያ ድረስ ትሸኝዎታለች፤ መንገድ ላይ የፈለጉትን ይጠይቋት፣ መዋሸት አልሆነላትም። በዚያ አባቷን አልወጣችም። ቀሚሶቹን ልስፋ ወይስ ልተው፣ ቤትዎ ገብተው ከሶፊ ጋር ይማከሩበት። እኔ በሰው ሰርግ ምን አገባኝ? ከኔ የሚጠበቀው ምርቃት ነው።

ትዳራቸውን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላቸው። ቤታቸው የሞላ፣ ደጃቸው የተከፈተ ይሁን። ለሙሽራው ደግሞ ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ጉልበቱን ያጽናለት… እንዲያው አንድ ቀን ቡርቅ ብላ ከጓዳ ወጥታ፣ እግሩ ላይ ተጠምጥማ "አባዬ" የምትለው የበኩር ልጅ ለማቀፍ ያብቃው።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ ውዴ።