ጋቢዬን ያስመሰከረብኝ የጽጌረዳ ውሃ

በኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ ቅናት የሴት ነው ይሉ ነበር፤ ውሸት ነው! እኔ በዚህ ጢሜ፣ በዚህ ጥምጣሜ ቀንቻለሁ፣ ያውም ጢሙ በወጉ ባልበቀለ መምህር። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ምን አለ።

ደርግ ነው ጊዜው። እዚሁ መካነ ሰላም፣ ከደብሩ ቅጥር ዛፍ ስር ፊደልና ዳዊት አስተምር ነበር፣ ሠላሳ ልጅ ይጮህልኝ ነበር፣ ታዲያ አንድ የሳይንስ መምህር ተመድቦ መጣና ልጆቼን አንድ ባንድ ወሰደብኝ። በምን? በጠርሙስ! ጽጌረዳ ያፈላል፣ ውሃውን ይቀዳል፣ ሎሚ ጠብ ሲያደርግበት ደም ይመስላል፣ የአመድ ውሃ ሲጨምርበት ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል። እና ራሳቸውን ያሠራቸዋል! "ና አንተ ጭመቅ፣ ነይ አንቺ ጨምሪ" እያለ። ታዲያ የኔዎቹ መጥተው፣ "የኔታ፣ ሎሚ አሲድ ነው፣ አመድ ቤዝ ነው" ይሉኛል። "ዳዊቱስ?" ስል ወደ ጠርሙሱ ይሮጣሉ።

ቀናሁ፣ ምን ልበላችሁ። ከሠላሳው ሰባት ቀረ፣ የሰባቱም ዓይን ወደዚያው ነው።

እና የወላጆች በዓል ደረሰ፣ በወላጅ ሁሉ ፊት ሊያሳይ ነው። ማልጄ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ፣ የመምህሩ ክፍል ክፍት ነው፣ ሰው የለም፣ አራት ሎሚ የጽጌረዳው ጠርሙስ ውስጥ ጨመቅሁበት። እኔ! ቆራቢው! ስቸኩል ውሃው ጋቢዬ ላይ ፈሰሰና ቀላ። ቤቴ ሮጬ በአመድ ፈተግሁት፣ ፈተግሁት፣ ቀዩ ጠፋ፣ ዓይኔ እንደሁ ደካማ ነው፣ ለብሼው ፊት ወንበር ላይ ጉብ አልኩ።

መምህሩ የአመድ ውሃውን ጠብ አደረገ። ውሃው እንደቀላ ቀረ። ደገመ። እምቢ! ላቡ ወረደ፣ ወላጁ አጉረመረመ።

"ደስ አለዎት፣ አባ?"

እንዴታ፣ ልጆቼ! ማር ነበር የላስኩ! ታዲያ አንዲት ልጅ፣ ያውም ፊደል ያስቆጠርኳት፣ ብድግ አለችና፣ "መምህር! የኛ ውሃ የኔታ ጋቢ ላይ አለ! እዚያስ አረንጓዴ ሆኗል!" ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ውነትም ደረቴ ላይ የመዳፍ ያህል አረንጓዴ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ!

መምህሩ አየኝ፣ ጠርሙሱን አሸተተ፣ ገባው። ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አያችሁ? የኔታ ቀድመው በጋቢያቸው አሳዩን። ይቺኛዋ ሎሚ በዝቶባት ነው፣ አመዱም ይብዛላት" ብሎ ገለበጠበት፣ እና አረንጓዴ! ጭብጨባው! ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አብሽሩ የኔታ። ሰኞ መጥተው የብራና ቀለም እንዴት እንደሚያበጁ ለልጆቹ ያሳዩልኝ" አለኝ።

ጭራሽ ጠላሁት! በድለኸው ሲምርህ ያቃጥላል።

ግን ሄድኩ። ጥላሸቱን፣ ያረረ ገብሱን፣ ሙጫውን ይዤ፣ "ና ውቀጥ፣ ነይ በጥብጪ" አልኳቸው፣ የሱን አነጋገር ሰርቄ። ልጆቹ እጃቸው ጠቁሮ፣ አፍንጫቸው ጠቁሮ፣ "የኔታ እኔ! የኔታ እኔ!" እየተጋፉ ከበቡኝ። ቀና ብል መምህሩ በሩ ላይ ብቻውን ቆሟል። "ልጆች፣ ይሄም እኮ ኬሚስትሪ ነው" ይላል፣ የሚሰማው የለም። ፊቱን አየሁት። አወቅኋት! ያችን ነገር አወቅኋት፣ የኔዋ እኮ ነች!

"መምህሩ ቀናብዎት፣ አባ?"

ቀና እንጂ! ያን ዕለት ነው የወደድኩት። ልጆቹንም ተካፈልን፣ ቅዳሜና እሑድ የኔ ሆኑ። ያን ፊቱን ሳስታውስ ግን ዛሬም ደስ ይለኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሃሃሃ!