ሺቫናንጃያ በጭንቅላቱ መቆም የተወበት ዓመት

ሺቫናንጃያን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። በሕንዷ ማይሶር ከተማ ገበያ አበባ ልገዛ ጎራ ብዬ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ከእጁ አምልጦ የሚንከባለለውን ኮኮናት ይረግማል። ቀና ሲል እሱ ራሱ! በልጅነታችን አባቱ ዮጋ ሲያስተምረን ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን በጭንቅላታችን ተተክለን ያደግን ጓደኛዬ። ወይ ያ ዘመን! ሬዲዮኑ የጠዋቱን መዝሙር ሲጀምር እግራችን ወደ ሰማይ፣ መዝሙሩ ሲያልቅ ወደ መሬት። ግድግዳ የተደገፈ ልጅ «እንሽላሊት» እየተባለ ሲሳቅበት ይውላል። እነዚያ ጠዋቶች ዛሬም ይናፍቁኛል።

«እጅህ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። እርጅና ነው፣ ተወው።»

እንዴት ልተወው! ሺቫናንጃያ በሠርግ ቀን ለወንዱ ሙሽራ የሐር ጥምጥም የሚያስር ባለሙያ ነው። የልጅ ልጁ ቻይትራ ልታገባ ወራት ቀርተዋታል፤ የእሷን ሙሽራ ጥምጥም ሌላ ሰው ካሰረው ጓደኛዬ በቁሙ ሞተ ማለት ነው። እቤቱ ድረስ ሸኘሁት።

ቻይትራ የወገብና የአንገት ሕክምና የተማረች ልጅ ናት። ገና ሳታስቀምጠኝ፣ «ጋሼ፣ እንኳን መጡ፤ ይፍረዱን» አለችኝ። «አባባ ዛሬም በጭንቅላታቸው ቆመው ነበር!»

«አባቴ እስኪሸመግል ቆሟል! ትናንት ተወልደሽ እኔን ልታስተምሪ?»

«እሺ፣ እስከ መቼ ነው የቆሙት?»

«እንደ ዱሮው ነዋ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ።»

«የሬዲዮኑማ ያልቅ ነበር። የስልክዎ እኮ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ይቀጥላል! እርስዎ ተዘቅዝቀው መጨረሻውን ይጠብቃሉ!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን ፊቱን አጠቆረ።

«ክብደትዎ አንገትዎ ላይ ሲያርፍ ወደ እጅ የሚወርደው ነርቭ ይጨፈለቃል» አለች ረጋ ብላ። «የመረመረዎት ሐኪምም ነግሮዎታል። አንገቱን የታመመ፣ የደም ግፊት ወይም የዓይን ግፊት ያለበት ሰው በጭንቅላቱ አይቁም።»

«ታዲያ ተኝቼ ሞቴን ልጠብቅ?»

«ይተኙ፤ እግርዎን ግን ግድግዳ ላይ ይስቀሉ።»

«እንሽላሊት ልታደርጊኝ! በስተርጅና!»

ቻይትራ አልሳቀችም። «አባትዎን በመጨረሻ ማን ነበር የሚያጎርሳቸው?»

ሺቫናንጃያ ጣቶቹን አየ። «እኔ» አለ። «ኩባያ መያዝ አቅቶት ነበር። እርጅና ነው አልን።»

«በጭንቅላት ከመቆም የተነሳ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን ያስፈራኛል። እርስዎንም ሰው እንዲያጎርስዎ አልፈልግም።»

የሁላችንም ዓይን እንባ አቀረረ። ደጉ አባቱ የሚያውቀውን ሁሉ በፍቅር ሰጥቶናል፤ ያላወቀውን ከየት ያምጣው?

ጓደኛዬ ምንጣፉን ወደ ግድግዳው ሳበ። ቻይትራ ከወገቡ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አደረገችለት። «በባዶ ሆድ ይሁን፤ በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። የሚያምዎት ወይም የሚደነዝዝዎት ከሆነ ያቁሙ። ሲነሱም ጉልበትዎን አጥፈው፣ በጎንዎ ዞረው ነው።» እኔም ተጋደምኩ። እንዲህ መጋደም ቀኑን ቆሞ ለዋለ እግር እብጠቱን ይቀንሳል፣ ወገብ ያሳርፋል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ደፍሬ የምመሰክረው በራሴ እግር አይቼው ነው።

ሺቫናንጃያ በዚያው ቀጠለ፤ የሐኪሙን ሕክምናም አላቋረጠም። በሠርጉ ዕለት ሙሽራው ፊቱ ተቀመጠ፤ ሺቫናንጃያ ረጅሙን ሐር እያጠፈ ይጠመጥም ጀመር። ጠጋ ብዬ፣ «ጣቶችህስ?» አልኩት በሹክሹክታ።

ወደ እኔ አልዞረም። አውራ ጣቱን በጨርቁ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈና፣ «ልስላሴው ይሰማኛል» አለኝ።