ቆማ የምትደክም መኪና

ወደ ሥራ ለመሄድ ከቤቴ ስወጣ የጎረቤቴ የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የመኪናው ኮፈን ተነሥቷል፤ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ሆነው ሞተሩ ላይ አጎንብሰዋል። ሆስፒታል ውስጥ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ፣ ሁለት ሰዎች አጎንብሰው ዝም ሲሉ የታመመ ነገር እንዳለ ይገባኛል። ሰላም ብዬ ማለፍ ነበረብኝ፤ አላለፍኩም። ክርክር ስሰማ እግሬ መንገዱን ይስታል፤ ይህን አመሌን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

በግራ በኩል የቆሙት ጋሽ ካፒቴን ናቸው። ካፒቴን የእውነት ስማቸው አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ መሪውን የሚይዙት ግን እንደ መርከብ ስለነበር ተሳፋሪዎች ያወጡላቸው ስም እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። በቀኝ በኩል የቆመው የልጃቸው ባል ነው። በሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ያስተምራል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከሰው ጋር ሲያወራ ከኋላው ጥቁር ሰሌዳ የተሰቀለ ይመስለዋል።

"ዶክተር፣ እንኳን መጣሽ" አሉ ጋሽ ካፒቴን። ፋርማሲስት መሆኔን ያውቃሉ፤ ግን ከሆስፒታል ደመወዝ የሚበላ ሁሉ ለእሳቸው ዶክተር ነው። "እስቲ አንቺ ፍረጂን። በገዛ መኪናዬ የገዛ ልጄን ሐኪም ቤት እንዳላደርስ ተከልክያለሁ።"

"ኧረ አልከለከልኩም፣ አባባ" አለ አማቻቸው። "ባለታክሲው ጎረቤታችን ስልኩን እንዳያጠፋ ነው የለመንኩት።"

"እሱ አይደል ክልከላ ማለት? እኔ ቆሜ ሌላ ሹፌር ሲለመን?"

ነገሩን አውቀዋለሁ። ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ የመጨረሻው ወር ላይ ናት። ደም ግፊቷ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሐኪሟም ራሷን ከፈለጣት ወይም ዓይኗ ብዥ ካለ ደቂቃ ሳታባክን እንድትመጣ አጥብቆ ነግሯታል። አባትየው ያ ቀን ሲመጣ ራሳቸው ሊያደርሷት ከመጀመሪያው ቃል ገብተዋል። ባለፈው ሳምንት ግን ለምርመራ የምትሄድበት ጠዋት ቁልፉን ቢያዞሩት መኪናዋ ቀጭ ብላ ዝም አለች። ልጅቷ ባሏን ተደግፋ እስከ ዋናው መንገድ በእግሯ ሄደች። ጋሽ ካፒቴን ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቀሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አማትና አማች አብረው ገበታ አልቀረቡም።

"ባትሪው ነው ጉዱ" አሉኝ። "የሸጠልኝ ሰውዬ አሮጌውን አዲስ ነው ብሎ ጉድ ሠርቶኛል።"

"ከእሱ በፊት የነበረውም እንደዚሁ ነበር የሞተው፣ አባባ።"

"እሱንም የሸጠልኝ አጭበርባሪ ነበር።"

"የባትሪ ነጋዴ ሁሉ በእርስዎ ላይ አድሟል ማለት ነው፣ ጋሼ?" አልኩ። አማቹ አንገቱን ደፋ፤ ሳቁን ሊደብቅ መሆኑ ነው። እሳቸው አልሳቁም።

"እሺ አባባ፣ ላስቸግርዎትና" አለ፣ "በየጠዋቱ የሚያደርጉትን ለእህታችን ይንገሯት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።"

"ምን የሚነገር አለው? ሸራዋን እገፍፋለሁ። አስነሣታለሁ። ነዳጅ ሳልረግጥ ዝም ብዬ ትንሽ አሠራታለሁ፤ ድምፅዋን አዳምጣለሁ። ከዚያ አጠፋታለሁ። ቆማ እንዳትለግም ነው። ከዚህ በላይ እንክብካቤ ካለ አስተምረኝ።"

"ካጠፏት በኋላስ?"

"ካጠፋኋት በኋላማ ዜና እሰማለሁ።"

"በምን?"

"በሬዲዮኗ ነዋ። ልጄ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ዓይኗ የሚከደነው ሊነጋ ሲል ነው። የሞተሩን ድምፅ ለምዳዋለች፤ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ብከፍት ግን ትነቃብኛለች። እዚህ በሩን ከፈት አድርጌ፣ ይህን የሚያመኝን እግሬን ወደ ውጭ ዘርግቼ እሰማለሁ። ማንን ጎዳሁ?"

አማቹ የበሩን እጀታ ሳብ አደረገ። ጣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለች። በጣቱ ብቻ አሳያቸው። ይህን ሲያደርግ ወደድኩት፤ ሰሌዳውን የረሳ አስተማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው። እኔ በበኩሌ ነገሩ አሳዘነኝ። ልጃቸው ትተኛልኝ ብለው የሚያደርጉት ነገር ነው ልጃቸውን ሊያደርስ የተቀመጠውን ባትሪ ጠዋት ጠዋት የሚያራቁተው።

"መብራቷማ ምን ታክላለች? ሻማ አታህልም" አሉ።

"አንድ ጠዋት ምንም አትል። በየጠዋቱ ሲሆን ነው" አለ። "ባትሪውን እንደ ውሃ ገንዳ ያስቡት። ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሪኖው ከገንዳው በባልዲ ዝቆ ነው ሞተሩን የሚያስነሣው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞው ውሃውን ይመልሳል፤ ግን መኪናዋ ቆማ ስትሠራ የሚመልሰው በጠብታ ነው። እርስዎ የተወሰደው ሳይመለስ ያጠፏታል። ከዚያ ሬዲዮኑ በኩባያ፣ መብራቷ በማንኪያ ይቀዳሉ። ቁልፉ ተነቅሎ እንኳ ሰዓቱና የሌባ ማንቂያው ቀኑን ሙሉ ይልሳሉ። የሚቀዳው ብዙ፣ የሚጨመረው ትንሽ ነው።"

"አውቶቡሴን ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት እያስነሣሁ ነዳሁ። ባትሪዋ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።"

"አውቶቡስዎ ተነሥታ የት ትሄድ ነበር?"

"የት ትሄዳለች? አገር ላገር ነዋ። ከነጋ እስኪመሽ።"

"ይኸው ነው፣ አባባ። አውቶቡስዎ መነሣቷ አይደለም የጠቀማት፤ መሄዷ ነው። ይቺ ግን ከገባች ጀምሮ ከዚህች ግቢ አልወጣችም።"

ጋሽ ካፒቴን የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው አበስ አደረጉት። "ለዚያ ቀን ነዋ ያቆየኋት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "መንገድ ላይ አንዱ ሰካራም ቢገጨኝስ? ጎማ ቢፈነዳስ? ልጄ እስክትወልድ አንዲት ጭረት እንዳታገኛት ብዬ ነው።"

አሁን ገባኝ። ስስት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። የሚወዱትን ነገር ከመንካት ያልተነካ ይሻላል የሚሉ ሰዎች በየቤቱ አሉ፤ እኔ ጋ እንኳ መድኃኒታቸውን ለክፉ ቀን ብለው ቆጥበው ጊዜው ካለፈበት በኋላ የሚውጡ ይመጣሉ።

"ሌላም አለ" አለ አማቹ፣ ፈራ ተባ እያለ። "ጭሱ። ማርሚታዋ የተደቀነው ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ነው።"

"ጭሱ ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው።"

መስኮቱ ሲከፈት ሁላችንም ዞርን። ልጅቷ እጇን የመስኮቱ ደፍ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ፊቷ እብጥ ብሏል፤ እንቅልፍ ያልጠገበች መሆኗ ያስታውቃል። "መስኮቴን የምዘጋው ለብርዱ አይደለም፣ አባባ" አለች። "እንዳይከፋህ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። ጠዋት ጠዋት ጭሱ ያቅለሸልሸኛል።"

ጋሽ ካፒቴን ኮፈኑን ሊዘጉ እጃቸውን ሰደዱና መለሱት።

"ይሁን፤ ጭሱ ቀረ" አሉ በመጨረሻ። "ስለ ባትሪው ግን በወሬ አልረታም። ነጋዴው ነው ያታለለኝ።"

አማቹ ከቦርሳው መለኪያውን አወጣ፤ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያለው፣ መዳፍ የሚያህል ነገር ነው። "እኔን አይመኑኝ። ይህንን እተውልዎታለሁ። ባትሪውን ዛሬ ኮሌጅ ወስጄ ሞልቼ አመጣዋለሁ። የሞላ ባትሪ ካረፈ በኋላ ሲለኩት አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው የሚያሳየው። ጥቂት ቀን እንደ ልማድዎ ያድርጉና ይለኩት። ከዚያ እንደገና ልሙላልዎትና ጥቂት ቀን ደግሞ ሳይነኩ ይለኩት።"

"ቁጥሩ እኩል ከሆነስ?"

"ባለታክሲውን አመስግኜ አሰናብተዋለሁ። ነጋዴውም ጋ አብሬዎት እሄዳለሁ።"

"ከወረደ?"

"እርስዎ ይንገሩኝ።"

"ከወረደ ያልከኝን አደርጋለሁ" አሉ ጋሽ ካፒቴን። እኔ ዳኛ ተብዬ ተጠርቼ አንድም ሳልፈርድ ሥራዬ ረፈደብኝ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አልተገናኘንም። አንድ ቅዳሜ አጥሬ ጋ ልብስ ሳሰጣ ጋሽ ካፒቴን በወዲያ በኩል ብቅ አሉ። ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ አለች፤ አንድ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተዋል።

"ወረደ" አሉኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ።

"ምኑ፣ ጋሼ?"

"ቁጥሩ ነዋ። ዜና በሰማሁባት ቁጥር ዝቅ፣ ዝቅ። ሳልነካት ስትውል ግን እምብዛም ንቅንቅ አላለችም። መጀመሪያ መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ሰፈር ያለው መካኒክ ጋ ሄጄ በእሱ መለኪያ አስለካሁ። ያው ነው። ነጋዴውን በከንቱ ስረግመው ከርሜያለሁ።"

"ታዲያ አሁን ምን ሊያደርጉ ነው?"

"አድርጌ ጨርሻለሁ" አሉና ወደ ግቢው ጠሩኝ። አማቻቸው ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ከግድግዳው ሶኬት የተነሣ ቀጭን ሽቦ ባትሪው ላይ ካለች ትንሽ ሣጥን ጋር ተገናኝቷል።

"ይህቺ ሲጎድል ትሞላለች፣ ሲሞላ ራሷ ታቆማለች" አለ አማቹ። "ተራውን ቻርጀር ግን ሳይነቅሉ መተው አይቻልም፤ ባትሪውን ያፈላዋል።"

"ሶኬት የሌለው ሰውስ?" አልኩ። የእኔ መኪና የምትቆመው መንገድ ዳር ነው።

"በሳምንት አንዴ ረዘም ያለ መንገድ መንዳት ነው፤ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። አገር ለቅቆ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የኔጋቲቩን ማሠሪያ ፈትቶ ነጥሎ ማስቀመጥ። ሲፈቱ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲያስሩ መጨረሻ ነው። ባዶውን የከረመ ባትሪ በሆዱ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ነጭ ነገር ይጋገርበታል፤ ከዚያ ቢሞሉትም እንደ ድሮው አይዝም።"

"አንዱን ግን ረስተሃል" አሉ ጋሽ ካፒቴን፣ ከልብ ደስ ብሏቸው። "ውሃውን። ይህ ባትሪ ክዳን አለው። ከፍቼ ባየው ሁለቱ ክፍል ደርቋል። የተጣራ ውሃ ጨመርኩበት። በኛ ጊዜ ይህን ሳያይ መሪ የሚጨብጥ ሹፌር አልነበረም።"

አማቹ ቀና ብሎ አያቸው። "እውነትዎን ነው። እኔ አልከፈትኩትም።"

"በሳምንት አንዴ መንዳቱንስ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ጭረቱ ቀረ?"

"ትናንት ከልጄ ጋር ዞር ዞር ብለን መጣን። ምንም አልነካን።" አማቻቸውን በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ "ባለታክሲውም ይቆይ ብዬዋለሁ" አሉ። "ባትሪው ደህና ነው። እኔ ግን ሰው ነኝ፤ ልታመም እችላለሁ።" አማቹ መሬት መሬት አየ። የዚያን ቀን ምሳ አብረው እንደበሉ ልጅቷ ነገረችኝ።

ቀኑ የመጣው ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ ነው። እኔ ፋርማሲው መስኮት ላይ ነበርኩ። ጋሽ ካፒቴን መኪናዋን ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አቁመው ሲወርዱ አየኋቸው። ልጅቷን በተሽከርካሪ ወንበር አስገቧት። ባሏ ኮሌጅ ነበር፤ በኋላ እየሮጠ ደርሶ ወደ ሚስቱ ገባ። ራሷን ሲፈልጣት ቤት ውስጥ ከአባቷ በቀር ማንም አልነበረም፤ ባለታክሲውም ተሳፋሪ ጭኖ ሌላው የከተማው ጫፍ ላይ ነበር።

ፋታ ሳገኝ መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፊታቸውን ወደ ተዘጋው በር አድርገው ነበር የተቀመጡት። ምን ልበላቸው ብዬ ሳስብ እሳቸው ጀመሩ።

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዞርኩት። አንድ ጊዜ። ተነሣች" አሉ። "ይህ ነገር ብዙ ጥቅም አለው። ባትሪው ዕድሜው ይረዝማል። ሞተሪኖው አይጎዳም። ነዳጅ በከንቱ አይቃጠልም። ማርሚታው በእንፋሎት አይዝግም። ግቢው ጭስ የለውም። ሕፃኑ ሲመጣ ንጹሕ አየር ነው የሚያገኘው። ማሠሪያው ላይ ያ አመድ የሚመስል ነገር ሲወጣ ደግሞ በሶዳ ዱቄት ታጥቢዋለሽ፤ ሲደርቅ ቅባት ትቀቢዋለሽ። አንቺም የመንገድ ዳሯን መኪናሽን እንዲህ አድርጊያት። አደራ። ሰው ነገ ትፈለጋለች እያለ መኪናውን ሸራ ሥር ይተዋል፤ የተፈለገች ቀን..."

አላቋረጥኳቸውም። ስለ ባትሪ እያወሩ እንዳልሆነ ገብቶኛል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ የደም ግፊቱን ቁጥር ከነርሷ ሰምቻለሁ፤ ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

በሩ ተከፈተ። አዋላጇ ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደችና ዓይኗን አንከራተተች። "የወላዷ አባት እርስዎ ነዎት? ሴት ናት። እናትየውም ደህና ናት። በጊዜ ነው ያመጧት፤ ትንሽ ብትዘገይ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።"

ጋሽ ካፒቴን ሊነሡ ሞከሩና መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ይህ እግሬ እምቢ አለኝ" አሉ። "ደግፊኝ እስቲ፣ ልጄ።"

ክንዳቸውን ያዝኩና ቀስ ብለን ገባን።