የሐኪሙ ድምፅ ይቅደም

የጤና ጣቢያው አስተዳዳሪ ተራ አክባሪ ሰው ናቸው። ሠራተኞቹ ከኋላቸው «አባ ተራ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ። በዚያ ጠዋት ግን ደረጃውን ሲወጡ በየእርከኑ ይቆሙ ነበር። ከትናንት በስቲያ አንድ ሕፃን በአዋላጇ እጅ ላይ ሞቷል። አዋላጇ ከትልቁ ሆስፒታል ስፔሻሊስት ጋር በኢንተርኔት እየተነጋገረች ሳለ ድምፁ ተቆራርጦ ጠፋባት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሕፃኑ አባት ምክንያቱን ሊጠይቅ ይመጣል። ምን ይበሉት?

ደረጃው መሀል ላይ የእህታቸውን ልጅ፣ የኔትወርክ ባለሙያዋን፣ ጥቅል ገመድ በትከሻዋ አንጠልጥላ ስትወርድ አገኟት።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?»

«ምን ማደር አለ ልጄ። የኢንተርኔቱ መስመር ጠበበን። ሰፋ ያለ እንግዛ ይሆን?»

«አምና እጥፍ ተገዝቶ በወሩ ሞላ። ከትናንት በስቲያ በዚያች ሰዓት ሰባት ሰው ፊልም ያይ ነበር፤ የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ደግሞ የዓመቱን ፋይል ሁሉ በዚሁ መስመር ይገለብጥ ነበር። የሐኪሙ ድምፅ ከነሱ ኋላ ተሰልፎ ቀረ። ፋይል ቢዘገይ ምንም አይጎድልበትም፤ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ግን ለምንም አይሆንም። ድምፁ ይቅደም ብዬ ባለፈው ወር ለምኜዎት ነበር።»

የአስተዳዳሪው ፊት ጠቆረ። እልኸኛ ናቸው እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን መናገር ይገባል።

«ቅድሚያ የሚሉት ነገር የአድልዎ በር ነው» አሉ። «እናቴ፣ ያንቺ አያት፣ ሐኪም ቤት ደጃፍ ተሰልፋ ነው የሞተችው፤ ዘመድ ያለው ሁሉ እየቀደማት። እኔ በማዝበት ቤት ማንም ማንንም አይቀድምም ብዬ ምያለሁ።»

«አያቴን የገደላት የሰው ፊት እየታየ መቅደሙ ነው። እስቲ ልጠይቅዎት፤ ደም የሚፈሰው ሰው በር ላይ ቢደርስ ተራህን ጠብቅ ይሉታል?»

«ምን ቆርጦኝ። እሱማ ይገባል።»

«እንግዲያስ በገመዱም ውስጥ እንዲሁ ነው። የሥራው ዓይነት እንጂ የማንም ስም አይጻፍበትም። መጀመሪያ የሐኪም ድምፅ፣ ቀጥሎ የላቦራቶሪ ውጤት፣ መጨረሻ ፊልምና ግልበጣ። ድምፁም ሌላውን ጨርሶ እንዳይዘጋ ልክ ይበጅለታል። ሕጉን ሁሉም እንዲያየው ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። የእርስዎም ስልክ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው።»

አስተዳዳሪው የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። አፍረዋል፤ ሐዘኑም አለ።

«እኩል ያደረግሁ መስሎኝ» አሉ፣ «ያን ሕፃን ከፊልም ኋላ አሰለፍኩት። በይ ሥሪው።»

ምሳ ሳይደርስ ሠርታ ጨረሰች። ስምንት ሰዓት ላይ አዋላጇ ስለ ሌላ ወላድ ከስፔሻሊስቱ ጋር ሩብ ሰዓት ሙሉ ስትነጋገር አንዲት ቃል አልጠፋባትም። ግልበጣው ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ ፊልም ተመልካቾቹም ትንሽ አጉረመረሙ እንጂ የተጎዳ የለም። ለአዲስ መስመርም የወጣ ገንዘብ አልነበረም። ተራ ማክበር መልካም ነው፤ አስቸኳዩን ለይቶ የማያሳልፍ ተራ ግን ሰው ይጨርሳል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባትየው ገባ። አስተዳዳሪው በመስመሩ አላመካኙም። «ድምፁ ይቅደም ስባል እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉና ዛሬ የተሠራውን አንድ በአንድ ነገሩት።

ሰውየው መሬት መሬቱን እያየ ሰማቸው።

«ይህ ነገር ተሠርቶ እስኪያልቅ ስንት ቀን ፈጀ?» ሲል ጠየቀ።



«ግማሽ ቀን» አሉ አስተዳዳሪው።